ዝናብና ይሉኝታ

ራሽ የተባለውን ሲኒማ ካየሁ በኋላ ብዙ ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትሁ። ይህን ሲኒማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ያዘጋጀው አሜሪካዊው ሮን ሃዋርድ ነው። ታሪኩም ኦስትሪያዊው ኒኪ ላውዳና እንግሊዛዊው ጄምስ ሃንት በ1976 በአውቶሞቢል እሽቅድድም የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን ያደረጉት ፉክክር ነው። ሥዕሉ ያማረ፥ ተዋንያኑም የተዋጣላቸው ስለ ሆኑ ወጣቶች ቢያዩት አልከለክልም። ነገር ግን ተመልካች በደስታው መካከል ሳያስተውለው የሚያልፈው አንድ ጉድለት አለበት።

ሲኒማው እንደሚያሳየን ላውዳ በጀርመን አገር በኑርቡርግሪንግ መንገዱ ርጥብ ስለ ሆነ ውድድሩ ይቅር ይላል፤ ሃንት ይቃወመዋል፤ በድምፅ ብልጫም ላውዳ ይሸነፋል። በሁለተኛው ዙር መኪናው ተጋጭታ በእሳት ተያያዘች። ቁስሉ ሳይሽር በስድስት ሳምንት ተመልሶ ሞንዛ ላይ አራተኛ ወጣ። ኦክቶበር 24 ቀን በጃፓን አገር በፉጂ ከባድ ዝናብ ጣለ። የመነሻው ሰዓት ዘገየ፤ ነገር ግን ቀኑ እየመሸ ስለ ሄደና በቴሌቪዥን የሚጠብቁ ተመልካቾች ስለ ነበሩ ውድድሩ ተጀመረ። ላውዳ ሁለት ዙር ሄዶ ወረደ። ሃንት ሦስተኛ ወጥቶ 69 ለ68፥ በአንድ ነጥብ ብቻ፥ ሻምፒዮን ሆነ።

ሲኒማው ይህን ሁሉ የሁለት ሰዎች የጠባይ ልዩነት አስመስሎታል፤ አንዱ ደፋር፥ ሌላው ጠንቃቃ። ይጀመር ወይስ ይቆይ ብለው የመወሰን ሥልጣን የነበራቸው አዘጋጆች ግን ከጥላ አይወጡም። ጉድለቱ ይህ ነው። ነጂው ብቻውን አልሄድም ቢል ፈሪ ይባላል፤ አዘጋጁ ዛሬ አይሆንም ቢል ግን ማንም ፈሪ አይባልም። ስለዚህ ሸክሙ የአዘጋጁ ነው።

በአሜሪካ ሁለት መኪናዎች በቀጥተኛ መንገድ ጎን ለጎን የሚሽቀዳደሙበት ድራግ ሬስ የሚሉት ውድድር አለ። ጎማቸው ውኃ የሚያሳልፍበት ጥርስ የሌለው ልሙጥ ስለ ሆነ፥ መንገዱ ከረጠበ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ካልደረቀም ለሌላ ቀን ይተላለፋል። ደንቡ ስለ እርሱ ይናገርለታልና ነጂው ድፍረቱን ማስመስከር አያስፈልገውም።

ይህን የምጽፈው ከበደል ነጻ ሆኜ አይደለም። አስተማሪ ሳለሁ በስፖርት በዓል ቀን ዝናብ ጣለ። እንግዶች ተጠርተው፥ ድንኳን ተተክሎ ነበርና ይቆይ ማለት አፈርሁ። አንድ ልጅ ከመነሻው መስመር ላይ ሆኖ «መምህር፥ ሜዳው ያዳልጣል» አለኝ። እኔም «አይዞህ» አልሁት። ተንሸራቶ እግሩ ተሰበረ፤ ከዚያም ወዲህ አልሮጠም። አይዞህ መልካም ቃል ነው፤ እኔ ግን የራሴን ፍርሃት ሸፈንሁበት።

ላውዳ በፉጂ ሲወርድ፥ የቡድኑ መሐንዲስ ማውሮ ፎርጊዬሪ ሞተሩ ተበላሸ ብለን እናሳብብ ቢለው እንቢ አለ፤ እውነቱንም ተናገረ። ከዚያ በኋላ በ1977ና በ1984 ሻምፒዮን ሆነ፤ እስከ 2019ም ኖረ። «ፈሪ ለእናቱ» እያልን የምንቀልድ ሰዎች ይህን እናስብ።

ወጣቶች ሆይ፥ እናንተም አንድ ቀን በሌሎች ላይ ትሾማላችሁ። ፊሽካው በእጃችሁ በሆነ ጊዜ አስቀድማችሁ ሰማዩንና ሜዳውን ተመልከቱ፤ እንግዶቹ ሌላ ቀን ይመጣሉ።