ስለ ቆርቆሮ ታንከርና ስለ ስምጥ ሸለቆ ውሃ

በአዳማ (ናዝሬት)፣ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ (ዝዋይ) አካባቢ ስለ ውሃ ማጠራቀሚያ ሲነሣ የሚሰማው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዕቃው ነው። ይኸውም ሽንሽን ቆርቆሮ ይሻላል ወይስ ዛሬ «ሮቶ» የምንለው የፕላስቲክ ታንከር የሚል ነው። ክርክሩ ከንቱ ነው አንልም። ነገር ግን በእኛ አስተያየት መቅደም የሚገባው ጥያቄ ተዘልሏል፤ ይህም ታንከሩ ከየት በመጣ ውሃ ይሞላል የሚለው ነው።

የግድግዳውን ነገር በቅድሚያ እንጨርስ። ወርዱም ቁመቱም 2 ሜትር የሆነ ክብ ታንከር ከ6,000 ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ይይዛል። ውሃው ወደ ውጭ ሲገፋው ቆርቆሮው እንደ ቀለበት ዙሪያውን ይሳባል፤ ከታች በኩል ይህ የመሳብ ኃይል በአንድ ሜትር ቁመት 2 ቶን ያህል ነው። ቆርቆሮው 1 ሚሊ ሜትር ቢወፍር በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 2 ኪሎ ብቻ ይደርሰዋል። ተራ ብረት ግን እስከ 24 ኪሎ ድረስ ቅርጹን ሳይለቅ ይችላል። ታዲያ ሽንሽኑ ለምን አስፈለገ ቢባል፣ ታንከሩ ባዶ ሲሆን ነፋስና ግፊያ እንዳያጎደጉደው ነው። ሽንሽኑም ዙሪያውን መዞር አለበት፤ ወደ ላይ ቆሞ ከተሠራ ግን እንደ አኮርዲዮን ይለጠጣል። ስለዚህ ደካማው ቦታ ገላጣው ቆርቆሮ ሳይሆን የብሎኑ መገጣጠሚያና ወለሉ ነው። ለስላሳው የዝናብ ውሃ የዚንኩን ቅብ ቀስ በቀስ ስለሚበላው የውስጥ ልባስም ያሻዋል።

በፋብሪካ በኩል ነገሩ ይለያል። የስኳር ተረፈ ምርት የሆነው ሞላሰስ ከውሃ 1.4 ጊዜ ያህል ይከብዳል፤ በየሽንሽኑም ተጣብቆ ለማጠብ ያስቸግራል። ለዚህ የተበየደ ልሙጥ ብረት ይሻላል እንላለን።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ፍሎራይድ በውሃ ውስጥ ቀለምም ሽታም የለውም። በታንከር ውስጥ ቢያድር አይዘቅጥም፤ ቢፈላም ውሃው ይተናል እንጂ እርሱ አይወጣም። የዓለም የጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በስምጥ ሸለቆአችን ግን ከ10 ሚሊ ግራም በላይ ያለባቸው ጉድጓዶች አሉ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ የጉድጓድ ውሃ ለብዙ ዓመታት በጠጡ የእርሻው ሠራተኞች ላይ ከጥርስ መበለዝ ያለፈ የአጥንት ፍሎሮሲስ ታይቷል። ፕሮፌሰር ሬድዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸውም እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት በሽታው በስምጥ ሸለቆ መስፋፋቱን አሳይተዋል። የአዳማ ከተማ የአዋሽን ውሃ አጣርታ በመጠጣት ብዙ ተርፋለች፤ ከከተማው ወጣ ብሎ በጉድጓድ ለሚኖረው ገበሬ ግን ትልቅ ታንከር መግዛት ያንኑ ውሃ በብዛት ማስቀመጥ ብቻ ነው።

የዝናብ ውሃ ፍሎራይድ የለበትም ለማለት ይቻላል። አዳማ በዓመት 800 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች፤ ከዚህም የሚበዛው በክረምት ይወርዳል። 50 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣራ፣ አምስተኛው ባክኖ እንኳ፣ 32,000 ሊትር ይሰበስባል። ለመጠጥና ለወጥ ብቻ በቀን 5 ሊትር ለአንድ ሰው ብንመድብ፣ አምስት ሰዎች በ8 ወር 6,000 ሊትር ይበቃቸዋል፤ ይህም ከላይ ያሰላነው ታንከር ነው። በየደጃፉ የምናየው 200 ሊትር በርሜል ለዚሁ ቤተ ሰብ ከ8 ቀን አያልፍም። ጣራው አለ፣ ዝናቡም አለ፤ የጠፋው አሸንዳውና በቂ ታንከሩ ነው። በእርግጥ ወጪው ለገበሬ ቀላል አይደለም፤ ይህን የሚያቃልሉ ሰዎች ገበያ ወጥተው ዋጋ ቢጠይቁ መልካም ነበር።

የመጀመሪያው ዝናብ የጣራውን አቧራ አጥቦ ስለሚወርድ ይደፋ። ክዳኑና መተንፈሻው በወንፊት ይሸፈን፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው የወባ ትንኝ በእንዲህ ያለ ማጠራቀሚያ ትራባለችና።

ዝናቡ ሲያንስ የጉድጓድ ውሃ እንቀላቅልበት የሚሉ አሉ። ጉድጓዱ 3 ሚሊ ግራም ቢኖረው እኩል በእኩል ሲቀላቀል 1.5 ይሆናል፤ 10 ቢሆን ግን 5 ይቀራል። እንግዲህ ውሃው በቅድሚያ ሳይመረመር መቀላቀል አይገባም፤ ለልብስና ለከብት የሚሆነውም በሌላ ዕቃ ይቀመጥ።