«ድፍረት» የማን ድፍረት ነው?

ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ያዘጋጀው «ድፍረት» የተባለው ፊልም በ2006 ዓ.ም. በአሜሪካ በሰንዳንስ የፊልም በዓል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። የሴት ጠበቃ ሥራ በአማርኛ ፊልም እምብዛም ስለማይታይ ዝግጅቱ ምስጋና ይገባዋል። ታሪኩ በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ በእውነት የተፈጸመ ነው። የ14 ዓመት ልጃገረድ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ተደፈረች፤ ጠላፊዋንም በጠመንጃ ገድላ በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ራስዋን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ ተከራክሮላት በነጻ ተለቀቀች።

የፊልሙ ስም በሚገባ የተመረጠ ነው። በቋንቋችን ድፍረት ጀግንነት ነው፤ መደፈርም ከዚያው ሥር ይወጣል። ነገር ግን አዘጋጁ ሁለቱን ትርጉሞች ለሁለት ሴቶች አካፍሏቸዋል፤ ጀግንነቱ ለጠበቃዋ፥ መደፈሩ ለልጅቱ ደረሰ። ሜሮን ጌትነት የተጫወተችላቸው ጠበቃ በእውነተኛ ስማቸው መዓዛ አሸናፊ ተብለው ሲጠሩ፥ የልጅቱ ስም ሂሩት ሆነ። እውነተኛዋ ባለታሪክ ወይዘሮ አበራሽ በቀለ ናቸው። ስሙ የተለወጠው እሳቸውን ለመጠበቅ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. ፊልሙ በአዲስ አበባ ሊመረቅ ሲል የፍርድ ቤት እግድ ደርሶ አስቆመው፤ ከሳሿም «ታሪኬ ያለ ፈቃዴ ተወሰደ» የሚሉት ወይዘሮ አበራሽ ነበሩ። የሚጠበቀው ሰው ራሱ ከተቃወመ ጥበቃው ለማን ነው? (ፊልሙ ኋላ ለሕዝብ ታይቷል።)

የጠበቃዋም ክብር ቢሆን ሙሉ አይደለም። ፊልሙ ነገሩን በአንድ ክስ ዙሪያ ስለወሰነው፥ ዓመታት የፈጀው ድካም አይታይም። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፥ ጠላፊ የጠለፋትን ሴት በፈቃድዋ ካገባ ክሱ ይቀርለት ነበር። ይህ ነጻነት የቀረው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ነው፤ ጠለፋም ከ3 እስከ 10 ዓመት የሚያስቀጣ ሆነ። ለዚህ ለውጥ ከደከሙት መካከል የማኅበሩ ሴቶች ነበሩበት፤ ለብዙ ባለጉዳዮችም ያለ ክፍያ ጥብቅና ቆመዋል። ወይዘሮ መዓዛ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ ጥር 2015 ዓ.ም. አገልግለዋል፤ ስለዚህ ስማቸው አይጠፋም። አቤቱታ ሲጽፉ የኖሩትን የሌሎቹን ስም ግን ከፊልሙ የወጣ ተመልካች አያውቀውም፤ ይህን በማኅበሩ መዛግብት ውስጥ ፈልጎ ማውጣት ለእኛ ለተማሪዎች የተተወ ሥራ ነው።