ረሀብና የአመፅ ቋንቋ፦ የሐይቅና የአምባሰል ክፉ ቀናት በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ

ኑሮ ሲከፋ ሕዝብ ያምፃል፤ ድህነት ሲበረታ ደግሞ «እንገንጠል» የሚል ድምፅ ይሰማል የሚለው አስተሳሰብ በፖለቲካ ጽሑፎቻችን ብቻ ሳይሆን በሥነ ጽሑፍ ሒሳችንም ውስጥ ሥር የሰደደ ነው። ብዙዎቻችን የ1960ዎቹንና የ1970ዎቹን ልቦለዶች ስንተነትን ችግርን መንሥኤ፣ አብዮትን ውጤት አድርገን እናልፋለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ግንኙነት መመርመር ነው። ለምርመራው የተመረጠው አካባቢ ሐይቅና አምባሰል ነው። ይህም የሆነበት ምክንያት አካባቢው በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ሁለት ታላላቅ ረሀቦችን፣ የ1965/66ንና የ1977ን፣ በማየቱና የመጀመሪያው ረሀብ የአብዮቱ «እናት» ተደርጎ በመጻፉ ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ በአጭሩ ሲቀመጥ፣ ችግር ብቻውን የአመፅ ቋንቋ አይወልድም፤ ችግር ወደ ክስ የሚለወጠው ከጎኑ ሌላ ሥዕል ሲቀመጥ ነው የሚል ነው።

በቅድሚያ ታሪካዊውን ሁኔታ እንመልከት። ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌና አሥመራ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች። በ1965 ዓ.ም. ከየገጠሩ የተፈናቀሉ ገበሬዎች መኪና እያስቆሙ ምግብ የለመኑት በዚህ መንገድ ላይ ነበር። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳመለከተው፣ በዚያ ረሀብ ጊዜ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ የሚወጣ እህል ነበር። ገበሬው የተራበው እህል ከአገር ስለ ጠፋ ሳይሆን እህሉን የሚገዛበት አቅም ስላልነበረው ነው። እንግዲህ በአንዱ መንገድ ላይ እህል የጫነ መኪናና የተራበ ሰው ይተላለፉ ነበር ማለት ነው። አመፅ ከችግር ብቻ የሚነሣ ቢሆን ኖሮ ከዚህ የተሻለ ቦታና ጊዜ አይገኝም ነበር። ሆኖም አብዮቱ በዚህ መንገድ ዳር አልፈነዳም።

ብርሃኑ ዘርይሁን በሦስት መጽሐፍ የደረሰው «ማዕበል» ይህንኑ ረሀብ መነሻ ያደርጋል። የመጻሕፍቱ ንዑሳን ርእሶች «የአብዮት ዋዜማ»፣ «የአብዮት መባቻ» እና «የአብዮት ማግስት» ይባላሉ። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ርእሶቹ ራሳቸው ክርክር መሆናቸውን ነው። የወሎን ረሀብ «ዋዜማ» ብሎ መሰየም የሚችለው በዓሉን ያየ ሰው ብቻ ነው። በ1965 ዓ.ም. ለተራበው የአምባሰል ገበሬ ያ ዓመት የምንም ነገር ዋዜማ አልነበረም፤ ክፉ ቀን ነበር። ደራሲው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሆኖ ወደ ኋላ ሲመለከት ረሀቡንና አብዮቱን በአንድ የትልም ገመድ ያስራቸዋል። ይህ ለልቦለዱ አንድነት ጠቅሟል፤ ለተራቢው ግን ራሱ ያልሰጠውን ትርጉም አበድሮታል። ሐያሲው የትልምን ትስስር የታሪክ ትስስር አድርጎ እንዳይወስድ መጠንቀቅ ይኖርበታል።

ተራቢው ራሱ ምን ይል ነበር? ለዚህ መልስ የሚሰጠው ሥነ ቃሉ ነው። ፈቃደ አዘዘ ከመንዝና ከይፋት የሰበሰባቸውን የድርቅና የረሀብ ቃል ግጥሞች በ1998 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ሲያሳትም ከመጽሐፉ ርእስ ውስጥ «እግዚአብሔር» የሚለውን ቃል ማስገባቱ ያለ ምክንያት አይደለም። የግጥሞቹ ዋና ተጠያቂ ፈጣሪ ነው። ገጣሚው ያማርራል፣ ይሟገታል፣ ይማጸናል። መንዝ አምባሰል አይደለም፤ ነገር ግን ጸሎትና ዱዓ በአንድ መንደር በሚሰማበት በወሎም የክፉ ቀን የመጀመሪያ አቤቱታ ወደ ላይ መውጣቱ የሚያጠራጥር አይደለም። አቤቱታው ወደ ሰማይ መሆኑ ግን ሕዝቡ ግፍን አያውቅም ማለት አይደለም። ረሀቡን ያመጣብኝ እገሌ ነው ብሎ በጣት የሚያመለክትበት ሥዕል ገና አልቀረበለትም ማለት ነው።

ያ ሥዕል የቀረበው ለከተማው ሰው ነው። የብሪታንያው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ያነሣው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። ደርግ ይህንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥቱ ግብዣ ምስሎች ጋር አፈራርቆ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። እንደ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስናየው እዚህ ላይ የተፈጸመው የትረካ ሥራ ነው። የተራበው ሕፃን ለብቻው ሲታይ ሐዘንን ይቀሰቅሳል። ከጎኑ ድግሱ ሲቀመጥ ግን ክስ ይሆናል። አዲስ እውነት አልተጨመረም፤ የተጨመረው ንጽጽር ነው።

ከዚህ ቀደም የታተሙት ልቦለዶቻችን ይህንኑ ሲናገሩ ቆይተዋል። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ውስጥ በአበጀ በለው መሪነት በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሡት ባላገሮች በጠኔ የወደቁ አይደሉም። የተነሡት ባለ ርስቱ ከተለመደው በላይ ስለ ጠየቃቸው ነው። የሚቆጩት ስለ ጎተራቸው መጉደል ብቻ ሳይሆን ስለ ደንቡ መጣስም ነው። በአቤ ጉበኛ «አልወለድም» ውስጥ ደግሞ የእናቱን ድህነት አይቶ ወደዚህ ዓለም አልመጣም የሚለው ገና በማሕፀን ያለ ፅንስ ነው። ረሀብን ገና ያልቀመሰ አንደበት መመረጡ ትርጉም አለው፤ እምቢታው ከሆድ ሳይሆን ከፍርድ ይመነጫል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የየካቲት 1966ቱ እንቅስቃሴ የተቀጣጠለው በነዳጅ ዋጋ ምክንያት በታክሲ ነጂዎች፣ በደመወዝና በትምህርት ፖሊሲ ምክንያት በመምህራን አድማ አልነበረምን? ይህስ የኑሮ ጥያቄ አይደለምን? ነው። ነገር ግን ያደሙት ከሁሉ የተቸገሩት አልነበሩም። የሚያነጻጽሩት ደመወዝ፣ የሚያነጻጽሩት የትናንት ዋጋ የነበራቸው ናቸው። ጉዳዩን ይበልጥ የሚያስረዳው በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የተነሣው የወታደሮች አመፅ ነው። ወታደሮቹ የውሃ መሳቢያቸው ተበላሽቶ ሳለ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዱ ከለከሏቸው፤ ወታደሮቹም አመፁ። ያሳመፃቸው ጥሙ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝናብ ይለምኑ ነበር። ያሳመፃቸው የተከለከለው ጉድጓድ ነው።

የመገንጠል ጥያቄም ከዚህ የተለየ መንገድ አልተከተለም። ዋለልኝ መኰንን የወሎ ልጅ ነው፤ በደሴ ወይዘሮ ስሒን ትምህርት ቤት ተምሯል። በኅዳር 1962 ዓ.ም. በተማሪዎች መጽሔት ላይ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ያወጣው ጽሑፍ መገንጠልን በግልጽ ካነሡት ቀዳሚ ጽሑፎች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ጽሑፉ በዋናነት የሚያነሣው የቋንቋን፣ የሃይማኖትን፣ የልብስን ጉዳይ፣ ማለትም የክብርን ጥያቄ ነው። ዋለልኝ በኅዳር 1965 ዓ.ም. አውሮፕላን ለመጥለፍ በተደረገ ሙከራ ሲገደል በትውልድ አገሩ ረሀቡ እየተስፋፋ ነበር። ሐይቅና አምባሰል ግን ከዚያ ረሀብ በኋላም ሆነ ከ1977ቱ በኋላ በስማቸው የመገንጠል ጥያቄ የሚያነሣ ድርጅት አላፈሩም። በአንጻሩ ኤርትራ ከብዙ ክፍለ ሀገሮች የተሻለ ፋብሪካና ከተማ ነበራት፤ ቁስሏ በኅዳር 1955 ዓ.ም. የፈረሰው ፌዴሬሽን ነበር።

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» (1975 ዓ.ም.) ፋይዳም ከዚህ አንጻር ይበልጥ ይታያል። የ1974ቱ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ከጦርነቱ ጎን ለጎን ፋብሪካዎችን መልሶ የማቋቋም ዓላማ ነበረው። ኢኮኖሚው ሲያገግም የመገንጠሉ ወሬ ይከስማል የሚል ግምት ነበረበት። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም ወደ አሥመራ የሚሄደው ይህንን ግምት ይዞ ነው። ልቦለዱ ግን የሚያሳየን ሙዚቃና ፍቅር የሞላባትን ከተማ ነው። ፊያሜታ ጊላይ የችግር ምስል አይደለችም። ማሽኑ ሊጠገን ይችላል፤ መተማመን ግን በመለዋወጫ ዕቃ አይጠገንም። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ መሰብሰቡና ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. የውሃ ሽታ ሆኖ መቅረቱ መንግሥት ይህን ንባብ ምን ያህል እንደ ፈራው ያሳያል።

ስለዚህ ችግር ፖለቲካ ውስጥ ቦታ የለውም ማለት ነው? አይደለም። ችግር ማገዶ ነው፤ ማገዶ ግን ራሱን አይለኩስም። ይህን መለየት ዛሬም ይጠቅማል። በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የብር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ክፉኛ አሽቆለቆለ። በመካከሉ ሐይቅና አካባቢዋ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነት አልፎባቸዋል፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ በአማራ ክልል የትጥቅ ግጭት ተነሥቷል። እነዚህን ሁሉ «ኑሮ ተወደደ፤ ሰው አመፀ» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ማሰር ቀላል ነው። የሚቀልለውም ሁለት ወገኖችን ስለሚያሳርፍ ነው። ገዢውን ዳቦ ካቀረብኩ ክብር አልጠየቅም ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋል፤ አማፂውን ደግሞ የተራበው ሁሉ ወታደሬ ነው እንዲል ይፈቅድለታል።

ከሥነ ጽሑፍ ተማሪ የሚጠበቀው ሌላ ሥራ ነው። አንድ ጽሑፍ ችግርን ሲያነሣ ከችግሩ ጎን ምን እንዳስቀመጠ፣ ያስቀመጠውም ተራቢው ራሱ ነው ወይስ ስለ ተራቢው የሚናገረው መሆኑን መጠየቅ አለበት። ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ባለው መንገድ ዳር የ«ሰባ ሰባት»ን ዘመን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ገና አሉ። ቃላቸው ሳይሰበሰብ ቢያልፉ ረሀባቸው ለዘለዓለም የሌላ ሰው ዋዜማ ሆኖ ይቀራል።