ድራይቨር የሚፈተነው ዕቃው እምቢ ሲል ነው

ከሊኑክስ ከርነል ኮድ ከግማሽ በላዩ የድራይቨር ኮድ ነው። ድራይቨር በከርነሉ ሙሉ ሥልጣን ስለሚሠራ አንዲት የተሳሳተች አድራሻ ማሽኑን በሙሉ ይዛ ልትወድቅ ትችላለች። ጸሐፊው ኮዱን ለግምገማ ያቀረበው በራሱ ጠረጴዛ ላይ ሠርቶለት ነው። የገምጋሚው ጥያቄ ከዚያ ይቀጥላል፦ ዕቃው እምቢ ቢል፣ ቢዘገይ ወይም በሥራ መሐል ቢነቀል ኮዱ ምን ያደርጋል?

ንባቡ ድራይቨሩ ከዕቃው ጋር ሲገናኝ ከሚጠራው ተግባር፣ ከፕሮብ ይጀምር። ሜሞሪ ተወሰደ፣ ሪጂስተሮች ተከፈቱ፣ ኢንተራፕት ተመዘገበ። ሦስተኛው ቢከሽፍ የፊተኞቹ ሁለቱ ከኋላ ወደ ፊት በተራቸው ይመለሳሉ? እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የተወሰዱትን ከርነሉ ራሱ የሚመልስበት ዴቭኤም የተባለ ዘዴ አለ፤ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ከእጅ ሥራ ጋር ሲደባለቅ ያጠምዳል። በዴቭኤም የተመዘገበ ኢንተራፕት የሚለቀቀው ድራይቨሩ ከዕቃው ሲላቀቅ የሚጠራው ተግባር፣ ሪሙቭ፣ ካበቃ በኋላ ነው። ሪሙቭ ውስጥ ሜሞሪው በእጅ ከተለቀቀ፣ በመሐል የሚመጣ ኢንተራፕት የሌለ ሜሞሪ ይነካል። እንዲህ ያለውን ስህተት የሚያይ ዓይን ብዙ ድራይቨር ያነበበ ዓይን ነው።

ቀጥሎ የጥበቃ ዙሮችን ፈልጉ። «ቢቱ 0 እስኪሆን ጠብቅ» የሚል፣ የጊዜ ገደብ የሌለው ዙር ውድቅ ይደረግ። የተነቀለ የፒሲአይ ዕቃ ሲነበብ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉንም ቢት 1 አድርጎ ይመልሳል፤ ያ ዙር አያልቅም። ከዕቃው የመጣ ቁጥርም ወሰኑ ሳይፈተሽ የድርድር መረጃ ጠቋሚ አይሁን። በኢንተራፕት ተቀባዩ ውስጥና ስፒንሎክ በተያዘበት ሁሉ ደግሞ የሚያስተኛ ጥሪ እንዳይኖር አንድ በአንድ ተከተሉ።

እ.ኤ.አ. በ2008 የ2.6.27 የሙከራ እትሞች አንዳንድ የኢንቴል ኔትወርክ ካርዶችን ቋሚ ማኅደር አበላሹ። ምንጩ ኢ1000ኢ የተባለው ድራይቨራቸው አልነበረም፤ ኤፍትሬስ የተባለው የከርነሉ መከታተያ በተለቀቀ የኮድ አድራሻ ላይ ሲጽፍ፣ አድራሻው ለካርዱ ተሰጥቶ ኖሯል። ያም ሆኖ የድራይቨሩ ሰዎች ማኅደሩን ከጽሕፈት ቆለፉት። ጥሩ ድራይቨር የሌላው ጥፋት እንኳ ዕቃውን እንዳይገድለው ያስባል።

ከከርነሉ የፍተሻ መሣሪያዎች ቼክፓች የኮዱን ቅርጽ፣ ሎክዴፕ የሎክ ቅደም ተከተሉን፣ ካሳን የሜሞሪ ስህተቱን ያያሉ። የዕቃውን መመሪያ ከኮዱ ጎን ዘርግቶ ማንበብ ግን የገምጋሚው ሥራ ነው። 10 ማይክሮ ሰከንድ የሚያዘገይ መስመር ካለ ምክንያቱ አጠገቡ ይጻፍ፤ ምክንያቱን የጻፈ ባለሙያ ዕቃውን ያውቀዋል።

ከማጽደቃችሁ በፊት ጸሐፊውን አንድ ነገር ጠይቁት፦ ዳታ እየተላለፈ ድራይቨሩን ከዕቃው አላቅቆ መልሶ ያገናኘው፣ ይህንንም ደጋግሞ ያድርገው። ያን ካለፈ መስመሮቹ ባያምሩም ይታረማሉ፤ ካላለፈ የመስመሮቹ ውበት አያድነውም።