የሄሊኮፕተር ፍጥነት ቀናሽ ማርሽ፦ በሦስት ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒስ

የሙያ ቃል የሚመዘነው በድምፁ ማማር ሳይሆን የሚሰይመውን ነገር ከጎረቤቱ ለይቶ በማሳየቱ ነው። በዚህ መለኪያ ለሄሊኮፕተር ኃይል ማስተላለፊያ ሊቀርቡ የሚችሉ ሦስት ስያሜዎችን እንመረምራለን።

የመጀመሪያው «ፍጥነት ቀናሽ ማርሽ» ነው። «ብላክ ሆክ» በተባለው ሄሊኮፕተር ሞተሩ በደቂቃ 20,900 ጊዜ ያህል ሲሽከረከር ዋናው ሮተር 258 ጊዜ ያህል ብቻ ይዞራል። ስያሜው ይህን ይገልጻል፤ በአንጻሩ የማዞር ኃይል መጨመሩን አይናገርም። ስያሜ ድርሳን አይደለምና ይህን ፍቺው ይሞላዋል። «ማርሽ» ግን በሾፌር አንደበት የፍጥነት ደረጃ ስለሆነ፣ ነጠላው ክፍል «ጥርሳም መንኰራኵር» ቢባል እንመርጣለን።

ሁለተኛው «ተዟዟሪ ማርሽ» ነው። ማርሽ ሁሉ የሚዞር ክፍል ስላለው ይህ ስያሜ ምንም አይለይም። «ፈለካዊ ማርሽ» ቢባል ግን ከአንድ ምስል ሦስት ስሞች ይወለዳሉ፦ በመካከል «ፀሐይ»፣ በራሳቸው ዛቢያም በፀሐይዋም ዙሪያ የሚዞሩ «ፈለኮች»፣ በውጭ «ቀለበት»። የስሞቹ መለየት ለጌጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2016 በኖርዌይ አንድ «ሱፐር ፑማ» ሄሊኮፕተር ዋና ሮተሩ በአየር ላይ ተነጥሎ 13 ሰዎች ሞተዋል። መርማሪዎች የደረሱበት መነሻ ምክንያት በሁለተኛው ደረጃ ካሉት ስምንት ፈለኮች በአንዱ ውስጥ የተስፋፋ የድካም ስንጥቅ ነው። ይህን «ማርሹ ተሰበረ» ብሎ የሚተረጉም ሰው፣ ጠጋኙ የት መፈለግ እንዳለበት ደብቆበታል።

ሦስተኛው «ኃይል ከፋይ ማርሽ» ነው። በፈለካዊውም ቢሆን ጭነቱ ለፈለኮቹ ይከፋፈላል፤ ስለዚህ ስያሜው ልዩነቱን ስቷል። የዚህኛው ንድፍ ጠባይ ኃይሉ በተለያዩ መንገዶች ሄዶ በመጨረሻው ታላቅ ጥርሳም መንኰራኵር ላይ መገናኘቱ ነው። በመጨረሻው ደረጃ ፍጥነትን ከፈለካዊው አብልጦ መቀነስ ስለሚችል፣ ክፍሎቹንና ክብደቱን ለማሳነስ ያመቻል። እ.ኤ.አ. በ1977 መጀመሪያ የበረረው «ሚ-26» የሚሠራው በዚህ ንድፍ ነው። መንገዶቹ ከሁለት ሊበልጡ ስለሚችሉ «መንታ» ማለትም ያሳስታል። እኛ «ልበ ሙሉ»፣ «ዓይነ ስውር» በሚሉት ቃላት አምሳያ «መንገደ ብዙ ማስተላለፊያ» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን።

የንድፉ ዋና ችግር ጭነቱን ለመንገዶቹ እኩል ማዳረስ ነው፤ አለዚያ አንዱ መንገድ ከድርሻው በላይ ይሸከማል። «ከፋይ» የሚለው ቃል ክፍፍሉን እንደተፈጸመ ይቆጥረዋል። «መንገደ ብዙ» ግን መንገዶቹን ብቻ ይናገርና እኩልነቱን ለመሐንዲሱ ጥያቄ አድርጎ ይተዋል። ሁለቱን ንድፎች ለሚያነጻጽር አንባቢ የሚበጀውም ይኸው ነው፤ ስያሜ መፍረድ የለበትም፤ ለፍርድ ያመቻች እንጂ።