የአምስት ሳንቲም ትምህርት

የአሜሪካ የመኪና ሠራተኞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1982 ከፎርድ ጋር ሲደራደር ዘመኑ የቅነሳ ዘመን ነበር። የደመወዝ ጭማሪው ሲቀር አንድ ብልህ ነገር አስፈረመ፤ ሠራተኛው በሠራ በእያንዳንዱ ሰዓት ኩባንያው አምስት ሳንቲም ለትምህርትና ለሥልጠና ያስቀምጥ። አምስት ሳንቲም ብላችሁ አትናቁ፣ የሠራተኛው ብዛት ስንት ነው! የተቀነሰው ሌላ ሙያ ይማርበታል።

በክራይስለርም ኩባንያውና ማኅበሩ በጋራ የሚመሩት የማሠልጠኛ ማዕከል ቆመ። በዚያ ገንዘብ ግን የኩባንያው ምክትል ፕሬዚዳንት ፌራሪ ገዛበት፤ አንድ የማኅበሩ መሪም የቤት ዕዳው ተከፈለለት። በጋራ ይመራል የተባለው የሁለት አለቆች ጋራ ነው እንዴ? መዝገቡን የሚያገላብጥ ተራ ሠራተኛ የት ነበር?

ፌራሪ የገዛው ሰውዬ በ2018 ጥፋቱን አምኖ ተፈረደበት፤ ደግ። በ2019 ድርድር ግን ማዕከላቱ ይፍረሱ ተባለ። መዝገቡን ለሠራተኛው ከመክፈት ቤቱን መዝጋት ቀለላቸው።