ደም መጣጩ ማነው?
«ድራኩላ»ን በጎጃም ምድር ስለ ማዘጋጀት

ፍርሃት በኪነ ጥበብ ውስጥ ለራሱ ሲባል ብቻ አይፈለግም። የአንድ አስፈሪ ድርሰት ዋጋ የሚመዘነው ተመልካቹን ምን ያህል አስደነገጠ ተብሎ ሳይሆን፣ ማንን እንዲፈራ አስተማረው ተብሎ ነው። ተመልካቹ ከወንበሩ ተነሥቶ ከተዋንያኑ መካከል በሚቆምበት ቴአትር ደግሞ የዚህ ጥያቄ ክብደት እጥፍ ይሆናል። ፓንችድራንክ የተባለው የእንግሊዝ የቴአትር ቡድን ከሼክስፒር «ማክቤዝ» ተነሥቶ በ2003 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ያቀረበው ትርኢት የዚህ ዓይነት ነው። ኋላም በኒውዮርክ ከ2011 እስከ 2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ ታይቷል። ተመልካቹ ጭንብል አጥልቆ፣ አፉን ዘግቶ፣ ከክፍል ወደ ክፍል እየተዘዋወረ የመረጠውን ተዋናይ ይከተላል።

ለዚህ አዘገጃጀት «ድራኩላ» የተመቸ ልብ ወለድ ነው። ደራሲው ብራም ስቶከር የለንደኑ የላይሲየም ቴአትር ሥራ አስኪያጅ ስለ ነበር፣ በ1897 እ.ኤ.አ. የታተመው መጽሐፉ የመድረክን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው። ታሪኩን አንድ ተራኪ አይናገረውም፤ በየሰዉ የዕለት ማስታወሻ፣ በደብዳቤ፣ በቴሌግራምና በጋዜጣ ቁራጭ ተበታትኖ ይገኛል። አንባቢው የምስክሮችን ቃል እየለቃቀመ እውነቱን ራሱ ይገጥማል። ከክፍል ወደ ክፍል የሚሄድ ተመልካችም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ቅርጹ ለጎጃም ሕዝብ እንግዳ አይደለም። አገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ከመቋቋሙ፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለውም በ1948 ዓ.ም. ከመከፈቱ በፊት፣ ሕዝቡ ተዋናይና ተመልካች በመጋረጃ የማይለያዩበት ትርኢት ነበረው። በለቅሶ ሜዳ አልቃሿ ግጥሟን ስታወርድ ዙሪያውን የከበበው ሁሉ ይቀበላታል፤ የሟቹ ጋሻና ጦር ሲወጣ፣ ፈረሱ ተጭኖ ሲዞር፣ ቆሞ የሚያይ ብቻ የለም። በፉከራና በቀረርቶም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ዙሪያ ለሚዘጋጅ ትርኢት የለንደኑ ጭንብል አያስፈልግም። በከተማ የማይተዋወቁትን ሰዎች የሚያሰውረው ጭንብል፣ ሁሉም በሚተዋወቅበት ቀበሌ ፋይዳው ያነሰ ነው፤ በምሽት ጋቢውን የተከናነበ ሰው ለዚህ ይበቃል።

ችግሩ ያለው በይዘቱ ላይ ነው። «ድራኩላ»ን ወደ ጎጃም ኑሮ ለመመለስ የሚነሣ አዘጋጅ በመጀመሪያ የሚታየው ቡዳ ነው። ቡዳ በሌሊት ጅብ ይሆናል፣ በዓይኑ ሰው ይበላል ይባላልና ተመሳሳይነቱ ቅርብ ይመስላል። ይሁን እንጂ በቡዳነት ሲጠረጠር የኖረው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። ማረሻውን የሚቀጠቅጠው፣ እንስራውንና ምጣዱን የምትሠራው፣ ቆዳውን የሚያለፋው ባለ እጅ ነው። አፄ ምኒልክ ባለ እጆችን በስድብ የሚያዋርድ እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት በዚሁ ምክንያት ነበር። ተበላ የተባለ በሽተኛ ሲለፈልፍ ዙሪያውን የቆመው ሰው «ማን በላህ?» እያለ ያፋጥጠዋል፤ የሚጠራውም ስም በአንድ ጎረቤት ላይ ያርፋል። ይህ ራሱ ተመልካቹ የሚሳተፍበት ትርኢት ነው፤ ግን ሲያበቃ መብራት በርቶ ሁሉም ወደ ቤቱ አይሄድም። ስሙ የተጠራው ሰው በማግሥቱ ገበያ መውጣት አለበት። ይህንን ትዕይንት ማስጠንቀቂያ ሳይኖረው የሚደግም ቴአትር ጥበብ ሳይሆን የክስ መድረክ ይሆናል።

ደግሞም መጽሐፉን በትክክል ያነበበው ሰው እንዲህ አይተረጉመውም። የስቶከር ደም መጣጭ አንጥረኛ ወይም ሸክላ ሠሪ አይደለም፤ ግንብ ያለው መኳንንት፣ በባዕድ አገርም ቤትና ቦታ የሚገዛ ባለ ርስት ነው። የሚፈሩት በዙሪያው የሚኖሩት ባላገሮች ናቸው። ካርል ማርክስም መጽሐፉ ከመታተሙ 30 ዓመት ቀድሞ፣ በ1867 እ.ኤ.አ. በታተመው «ካፒታል» ውስጥ በሰው ጉልበት የሚኖረውን ካፒታል ከደም መጣጭ ጋር አመሳስሎታል።

የዚህ ገጸ ባሕርይ የጎጃም አቻ ሩቅ አይደለም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ታሪኩን የጀመረው በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ከምትገኘው ከማንኩሳ ነው። በዚያ ልብ ወለድ ፊታውራሪ መሸሻ የባላገሩን ጉልበት እንደ ራሱ ሀብት የሚቆጥር ሰው ነው። በዛብህም ወላጆቹ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት በመሆኑ ሌላው በተሳለው ቃል ታስሮ ይኖራል። የሚያስፈራው ጥርስ ያወጣ ጭራቅ ሳይሆን፣ ሁሉም እንደ ተፈጥሮ ሕግ የተቀበለው ሥርዓት ነው።

እንግዲህ የማንኩሳ ወይም የቡሬ ተመልካች በግብር አዳራሽ ገብቶ ከፊታውራሪው ጋር እንዲቀመጥ፣ ሥጋው ሲቆረጥ እንዲያይ፣ ከዚያም በጓሮ በር ወጥቶ ያንን ድግስ ያቀረቡትን ባላገሮች ቃል እንዲሰማ ቢደረግ ፍርሃቱ ሥፍራውን ያገኛል። «ማን በላህ?» የሚለው ጥያቄም በመጨረሻ ቢነሣ፣ መልሱ ምስኪኗን ሸክላ ሠሪ አይሆንም። አዘጋጆች ከሁሉ አስቀድመው ሊወስኑት የሚገባ ጉዳይ ይህ ነው፤ የመብራቱና የጭሱ ነገር ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።